ልጃችሁ ተደባድቦ ቆስሎ ሲመጣ

አዲስ አበባ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ማታ ማታ ተደባድበው የቆሰሉ ታዳጊዎች ይመጡልናል። በድንጋይ የተፈነከተ፣ በሴንጢ የተወጋ፣ በቦክስ ጥርሱ የወለቀ። ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማነው የመታህ?» ብሎ ነው። እባካችሁ እሱ ይቆየን። በምን ተመታ? መቼ? ራሱን ስቶ ነበር? እኛ የምንፈልገው ይህንን ነው።

ደም የሚፈስ ከሆነ ንጹህ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ። የታጠበ ነጠላም ይሆናል። በየደቂቃው እየገለጣችሁ አትዩ፤ ከራሰ ሌላ ደርቡበት። የቡና ዱቄት በፍጹም አታድርጉ። ያንን ከቁስሉ አጥበን እስክናወጣ ልጁ ይሰቃያል። ስለቱ እንደተሰካ ከሆነ አትንቀሉት፤ ደሙን ገድቦ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፉት። ደረቱ ወይም ሆዱ ከተወጋ ቀዳዳው ትንሽ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ውሃም ምግብም አትስጡት።

907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ 939 የእሳትና አደጋ። ከዘገዩ በተገኘው መኪና አምጡት። አቤት ሆስፒታል ለአደጋና ለድንገተኛ ሕክምና የተቋቋመ ነው፤ ደሙ አልቆም ካለ ግን ቅርብ ወዳለው ሂዱ።

የተፈነከተ ልጅ ደሙ ሲቆም የዳነ ይመስላል። ቢያስመልሰው፣ ራስ ምታቱ ቢብስ፣ ንግግሩ ቢንተባተብ፣ ለመቀስቀስ ቢያስቸግር፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ቢታይ ሌሊትም ቢሆን መልሳችሁ አምጡት። የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻውን አይተኛ።

ልጆች የሚደብቁት ቁስልም አለ። የሰው አፍ በቦክስ ሲመቱ የጣታቸው መገጣጠሚያ ላይ ጥርስ ይገባል። ትንሽ ጭረት ስለሚመስል፣ መምታታቸውም እንዳይታወቅ ስለሚፈሩ ዝም ይላሉ። ከዚያ እጁ አብጦ፣ መግል ይዞ፣ ጣቱን ማጠፍ ሲያቅተው ይመጣል። ልጃችሁ ተጣልቶ ከመጣ እጁንም ዘርግታችሁ እዩ። እንዲህ ያለ ቁስል ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ መቼ እንደተወጋም ንገሩን።

ከተረጋጋ በኋላ ልጁን ለብቻው እናነጋግረዋለን። ይህን በክፉ አትዩብን። ቤት ውስጥ የሚደበደብ ልጅ ቤተሰቡ ፊት አይናገርም። ጉዳዩን ወደ ሕግ የምትወስዱ ከሆነ በደም የተነከረውን ልብስ አትጠቡት፤ ስለ ሕክምና ማስረጃውም ፖሊስንና ሐኪሙን ጠይቁ።

ጓደኞቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ሲደዋወሉ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ለመበቀል ሊሆን ይችላል። የሚሰሙትን ሰው ጥሩ፤ አጎት፣ ታላቅ ወንድም፣ የሰፈር አሰልጣኝ። ያ ሰው ዛሬውኑ ያናግራቸው። ስፌቱ ፊት ላይ ከሆነ በ5 ቀን ገደማ፣ ራስ ላይ ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈታል። ለዚያም ቢሆን ብቻውን አትላኩት።