ቀይ ቀበሮ ለማየት አቡነ ዮሴፍ ለምትወጡ

ላሊበላ ድረስ ከመጣችሁ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩና አቡነ ዮሴፍ ተራራ ውጡ። ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላሊበላ አድራችሁ ሰውነታችሁን አለማምዱ። ራስ ምታቱ ከጠናባችሁ ግን አትግፉ፣ ውረዱ።

ዋናው ነገር አስጎብኚው ነው። የአካባቢውን ልጅ ያዙ። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በቀን ነው፣ ያውም ብቻውን። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ፣ ሆዱን መሬት አስጠግቶ ወደ አይጧ ጉድጓድ ይሳባል። ከዚያ አፈፍ ያደርጋታል! ላልለመደ ዓይን ከሣሩ አይለይም፤ እዚያ ያደገ ልጅ ግን ከሩቅ ያውቀዋል። ቁሙ ሲላችሁ ቁሙ። ወሬም አቁሙ።

ጭላዳ ዝንጀሮ ላይ አብሽሩ፣ ለማየት አያስቸግርም። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሣር ሊግጥ ሜዳው ላይ ይወጣል።

እባካችሁ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ይፈጃቸዋል። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የሉም፤ የቀሩትም ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። የተረፋችሁን ምግብም ሜዳው ላይ አትጣሉ፣ ይዛችሁት ውረዱ። ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራልና ጋቢ ያዙ።