ወሰኑ ሲቀል ካርታው ለምን ይቀደዳል?

ወሰንን ማቅለል ማለት ከመስመሩ ነጥቦችን መቀነስ ነው፤ ለዚህ የሚያገለግለውን የዳግላስና ፒከርን የ1973 (እ.ኤ.አ.) ስልተ ቀመር ታውቃላችሁ ብዬ ልነሳ። የመስመሩን ሁለት ጫፎች በቀጥታ ያገናኛል፤ ከቀጥታው አብልጦ የራቀውን ነጥብ ይፈልጋል፤ ርቀቱ ከስህተት ገደቡ ካለፈ ነጥቡን አስቀርቶ በግራና በቀኝ ይደግማል፤ ካላለፈ በመሐል ያሉትን ሁሉ ይጥላል።

ምልክት፦ ወረዳው ሦስት ማዕዘን ሆነ ወይም ጨርሶ ጠፋ።
ምክንያት፦ ገደቡን 10 ብላችሁ ሜትር መስሏችኋል፤ መረጃው ግን በዲግሪ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።
መፍትሄ፦ መጀመሪያ ወደ ዩቲኤም (በሜትር ወደሚለካ የካርታ ሥርዓት) ቀይሩ፤ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ዞን 37።

ምልክት፦ ራሳችሁ የጻፋችሁት ኮድ በዝግ ቅርጽ ላይ በዜሮ አካፍሎ ቆመ።
ምክንያት፦ መነሻውና መድረሻው አንድ ነጥብ ነው።
መፍትሄ፦ ቅርጹን ከመነሻው እጅግ በራቀው ነጥብ ላይ ለሁለት ክፈሉት።

ምልክት፦ በአጎራባች ቀበሌዎች መካከል ቀጫጭን ክፍተትና መደራረብ።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳስተካከልሁ መቁጠር ትቻለሁ። አንድ ጊዜ ለቤት ለቤት ቆጠራ የተዘጋጀ ካርታ መጣልኝ፤ ሁለት ቀበሌዎችን ወንዝ ይለያቸዋል። በወንዙ ዳር ያለ ወፍጮ ቤት ከሁለቱም ውጭ ወድቋል፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው መኖሪያ ቤት ደግሞ በሁለቱም ተመዝግቧል። ካርታውን የሠራው ልጅ «ገደቡ እኮ አሥር ሜትር ብቻ ነው» አለኝ። አልዋሸም። ሁለቱም ወሰኖች ከወንዙ ከ10 ሜትር በላይ አልራቁም። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ሲሸሽ ግን በመካከላቸው እስከ 20 ሜትር ይከፈታል። ስልተ ቀመሩ የሚጠብቀው ርቀትን ብቻ ነው፤ ጉርብትና የሚባል ነገር አያውቅም።

ምክንያት፦ የአንዱ ቀበሌ ዙሪያ ከድልድዩ ይጀምራል፣ የሌላው ከቤተ ክርስቲያኑ። መነሻው ሲለያይ የመጀመሪያው ቀጥታ መስመር ይለያያል፤ የሚጣሉትና የሚቀሩት ነጥቦችም እንዲሁ።

መፍትሄ፦ ሦስትና ከዚያ በላይ ቀበሌዎች የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ፈልጋችሁ ወሰኑን እዚያ ቁረጡ። የጋራውን ወሰን አንድ ጊዜ ብቻ አቅልላችሁ ውጤቱን ለሁለቱም ጎረቤት ስጡ። ማፕሼፐር የተባለው ካርታ ማቅለያ ፕሮግራም ይህን በራሱ ያደርጋል። የካርታ መረጃ ቋቱ ፖስትጂአይኤስም ከ3.4 እትሙ ጀምሮ ለዚሁ የተሠራ «ከቨሬጅ ሲምፕሊፋይ» አለው። «ፕሪዘርቭ ቶፖሎጂ» («የቅርጾችን ግንኙነት ጠብቅ» እንደማለት) የሚለው የቆየ ትእዛዙ በስሙ ብዙ ሰው አታሏል፤ እያንዳንዱን ቅርጽ ለብቻው ከመበላሸት ይጠብቃል እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አያስማማውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሁሉ የሚሠራው የጋራው ወሰን በሁለቱም በኩል ነጥብ በነጥብ አንድ ሲሆን ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ከሣሉት፣ መጀመሪያ አጣብቁት።
ማስጠንቀቂያ፦ ያልቀለለውን ፋይል አትደምስሱ።
ማስጠንቀቂያ፦ ክፍተቱን ለትልቁ ጎረቤት አከፋፍሎ መሸፈን ጥገና አይደለም! የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ጠይቁ።

ምልክት፦ ወሰኑ ራሱን አቋረጠ። በጠመዝማዛ ወንዝ ላይ አልፎ አልፎ ይገጥማል፤ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ገደቡን ቀንሱ።

ምልክት፦ ካርታው ሳይቀደድ ከ100 ሜትር በላይ ተንሸራተተ። በአዲንዳን (በቆየው የአካባቢያችን የመለኪያ መነሻ) የተሠራውን በደብልዩጂኤስ 84 (ጂፒኤስ በሚጠቀምበት) ከፍታችሁታል፤ ማቅለሉ የለበትም።

ሲያልቅ የቀበሌዎቹን ስፋት ደምራችሁ ከወረዳው ጋር በማስተያየት አትርኩ። ክፍተቱና መደራረቡ ይጣፋሉ፤ ለየብቻ ቁጠሯቸው። በወፍጮ ቤቱ ካርታ ድምሩ ሊገጥም ጥቂት ነበር የቀረው።