የፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻ ሳምንታት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ፣ ማለትም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን መርጠን በእውነተኛው ጨዋታ በሚሠሩት መጠን ነጥብ በምንሰበስብበት ውድድር፣ ከነሐሴ ጀምሮ በትዕግሥት የተሰበሰበ ነጥብ በሚያዝያና በግንቦት ሲባክን ማየት የተለመደ ነው። ብዙዎቻችን ጥፋቱን በዕድል ላይ እናሳብባለን፤ እኔ ግን ዋናው ችግር የአመራረጥ ይመስለኛል። እስከ የካቲት ድረስ ጎበዝ ተጫዋች ማለት በአብዛኛው በየሳምንቱ የሚሰለፍ ተጫዋች ማለት ነው። ከሚያዝያ ወዲህ ግን ዋንጫውን ያረጋገጠ፣ መውረዱ የታወቀ ወይም ዐይኑን አውሮፓ ላይ የጣለ ቡድን ሲበዛ፣ ጎበዝ መሆንና መሰለፍ ይለያያሉ። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ማን ይሰለፋል፣ ቡድኑስ ከዚህ ጨዋታ ምን ይፈልጋል የሚለው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የመጀመሪያው ነገር በአንድ ሳምንት ሁለት ጨዋታ ያለውን ቡድን ሁሉ እንደ ሲሳይ መቁጠር ነው። ይህ ደብል ጌምዊክ የሚባለው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው በዋንጫ ውድድሮች ምክንያት የተዛወረ የሊግ ጨዋታ በሌላ ሳምንት ላይ ሲደረብ ነው። በ2024/25 የውድድር ዓመት ኒውካስል እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን የካራባኦ ካፕ (የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ) ፍጻሜ ስለነበረበት ከክሪስታል ፓላስ ጋር የነበረው ጨዋታ ወደ ኤፕሪል 16 ተዛወረ፤ በዚህም ሁለቱ ክለቦች በ32ኛው ሳምንት ሁለት ሁለት ጨዋታ አገኙ። ኒውካስል ሁለቱንም በሜዳው ተጫውቶ ማንቸስተር ዩናይትድን 4 ለ 1፣ ፓላስን 5 ለ 0 አሸነፈ። ፓላስ በበኩሉ ከሜዳው ውጭ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 5 ለ 2 የተሸነፈው ከዚያ ጨዋታ አራት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥር ግብ ተቆጠረበት ማለት ነው።

ይህን በፋንታሲ ሒሳብ ብናሰላው እንዲህ ይሆናል። አንድ ተከላካይ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲጫወት 2 ነጥብ ያገኛል፤ ቡድኑ በሚያስተናግደው በየሁለት ግቡ ደግሞ 1 ነጥብ ይቀነስበታል። አምስት ግብ ሲቆጠርበት 2 ነጥብ ስለሚያጣ ከጨዋታው የሚተርፈው ዜሮ ነው፤ በሁለተኛውም ጨዋታ እንዲሁ ዜሮ ነው። ሁለቱንም ጨዋታ ሙሉ የተጫወተ የፓላስ ተከላካይ ግብ ካላገባ ወይም ካላቀበለ 180 ደቂቃ ደክሞ ያስገኘው ነገር የለም። በዚያ ሳምንት ሁለት የፓላስ ተከላካዮችን ይዤ ቤንች ቡስትን (የተጠባባቂዎችም ነጥብ የሚቆጠርበትን ልዩ ዕድል) ተጠቅሜ ስለነበር ይህን ሒሳብ በሚገባ አውቀዋለሁ። ስህተቴም ግልጽ ነበር፤ «ሁለት ጨዋታ» የሚለውን ብቻ አይቼ ሁለቱም ከሜዳ ውጭ፣ ሁለቱም ግብ ከሚያዘንቡ ቡድኖች ጋር መሆናቸውን አልመዘንኩም። ከአንድ ቀላል ተጋጣሚ ጋር በሜዳው የሚጫወት ተከላካይ ከሁለት ከባድ ጨዋታዎች ይሻላል። በአጥቂና በአማካይ ላይ ግን ሁለት ጨዋታ ሁልጊዜም የሚናቅ አይደለም፤ ለእነሱ የሚቆጠርባቸው ግብ ይህን ያህል ዋጋ አያስከፍላቸውም።

ከዚህ ስህተት ሌላ ስህተት ይወለዳል፤ ይኸውም ተናዶ መሸጥ ነው። በዚያን ጊዜ የፓላስ አማካይ የነበረው ኤቤሬቺ ኢዜ በሲቲው ጨዋታ ግብ አስቆጥሮ ነበር፤ በኒውካስሉ ጨዋታ ግን የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ኒክ ፖፕ አዳነበት፣ ቡድኑም በአምስት ግብ ተሸነፈ። ይህ የሆነው ረቡዕ ሲሆን የሚቀጥለው ሳምንት የፋንታሲ ዝውውር፣ ማለትም ተጫዋች የመቀየሪያው ጊዜ፣ የሚዘጋው ቅዳሜ ነበር፤ ቀኑም ቀዳም ስዑር ነበርና ሰው ለፋሲካ በሚዋከብበት ሰዓት በችኮላ የተወሰነ ብዙ ነገር ነበር። ነገር ግን ፓላስ በ33ኛው ሳምንት እንደገና ሁለት ጨዋታ ነበረው። ኢዜ በአርሰናል ሜዳ 2 ለ 2 በተጠናቀቀው ጨዋታ አስቆጠረ፤ ሜይ 11 ቀን ደግሞ በቶተንሃም ሜዳ ሁለቱንም የቡድኑን ግቦች አገባ። የቡድን ሽንፈትና የተጫዋች አቋም የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፣ ዝውውር የሚወሰነው ቢያንስ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው፣ በእኔ እምነትም ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ የቡድንን ፍላጎት ከደረጃ ሰንጠረዥ ብቻ ማንበብ ነው። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2025 ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ አራት ጨዋታ እየቀረው ዋንጫውን አረጋገጠ። ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው መሪውን ቡድን ማመኑን ይቀጥላል፤ ሊቨርፑል ግን አሰልጣኙ በርካታ ተጫዋቾችን ቀይሮ በገባበት ጨዋታ በቼልሲ 3 ለ 1 ተሸነፈ፣ ከቀሩትም ሦስት ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። የቶተንሃም ደግሞ የባሰ ነበር። በሊጉ ከመውረድ ስጋት ወጥቶ ሙሉ ተስፋውን በዩሮፓ ሊግ ላይ ስለጣለ፣ በግማሽ ፍጻሜው ሁለት ጨዋታዎች መካከል ዌስትሃምን ሲገጥም አብዛኞቹን ቋሚ ተሰላፊዎቹን አሳረፈ። ሜይ 21 ቀን ዋንጫውን አነሳ፤ በሊጉ ግን በ22 ሽንፈቶች 17ኛ ሆኖ ጨረሰ። በእነዚያ ሳምንታት የቶተንሃምን ታዋቂ ተጫዋቾች ይዞ የቆየ ሰው የከፈለው ለስማቸው ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ሳውዛምፕተን ነው። ኤፕሪል 6 ቀን፣ ሰባት ጨዋታ እየቀረው መውረዱን ያረጋገጠ ቡድን ስለነበር ሜይ 10 ቀን ማንቸስተር ሲቲን ሲያስተናግድ ብዙ ሰው ከጉዳት ለተመለሰው የሲቲ አጥቂ ኤርሊንግ ሃላንድ ነጥብን በእጥፍ የሚያስቆጥረውን የአምበልነት ማሰሪያ ለመስጠት አላመነታም። ጨዋታው ያለ ግብ ተጠናቀቀ። ሳውዛምፕተን በዚያን ጊዜ 11 ነጥብ ነበረው፤ ይህም ደርቢ ካውንቲ በ2007/08 ያስመዘገበው የፕሪሚየር ሊጉ ዝቅተኛ ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ ማግኘት ከዚያ ታሪክ ማምለጥ ማለት ነበርና ተጫዋቾቹ መረባቸውን ሳያስደፍሩ ለመውጣት ታገሉ። «የሚጫወትለት ነገር የሌለው» የተባለው ቡድን የሚጫወትለት ነገር ነበረው። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት የአሰልጣኙን መግለጫ፣ በሳምንቱ አጋማሽ ያለውን ጨዋታና ገና ያልተዘጋውን ጉዳይ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ቺፖችን (እንደ ቤንች ቡስት ያሉትን ልዩ ዕድሎች) ለመጨረሻ ማከማቸትም ሌላው ስህተት ነው። ከ2025/26 ጀምሮ አራቱም ቺፖች ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰጣሉ፤ በአንድ ሳምንት መጠቀም የሚቻለው ግን አንዱን ብቻ ስለሆነ፣ ከ38ቱ ሳምንታት በ36ኛው አራቱንም ይዞ የተገኘ ሰው አንዱ ይባክንበታል። ከተፈቀደው ዝውውር በላይ የ4 ነጥብ ቅጣት እየከፈሉ ተጫዋች መለዋወጥም በዚህ ወቅት ይብሳል፤ አዲሱ ተጫዋች ቅጣቱን የሚመልስበት ሳምንት አልቆበታልና።

በሚኒ ሊግ፣ ማለትም ከምታውቋቸው ሰዎች ጋር በምትወዳደሩበት ትንሽ ሊግ፣ ያላችሁበትን ቦታ መርሳት ደግሞ ጥሩ ምርጫን እንኳ ከንቱ ያደርጋል። የምትመሩ ከሆነ የተከታያችሁን አምበል መምረጥ ፍርሃት አይደለም፤ ሃላንድ ሦስት ግብ ቢያገባ ለሁለታችሁም እኩል ስለሚቆጠር ልዩነታችሁ እንደነበረ ይቆያል። በ30 ነጥብ የምትከተሉ ከሆነ ግን ከመሪው ጋር አንድ ዓይነት አምበል እየመረጡ ለመድረስ መሞከር አያዋጣም። በሁለትና በሦስት ቦታዎች መለየት ይገባል፤ ሆኖም ልዩነቱ የሚሰለፍ ሰው ላይ ይሁን እንጂ ማንም ስላልያዘው ብቻ የተመረጠ አይሁን።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለምንጫወት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። እንግሊዝ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለምትገፋ፣ በእንግሊዝ ክረምት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ይዘጋ የነበረው ዝውውር በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በልማድ የሚሄድ ሰው ምሳ በልቶ ስልኩን ሲከፍት አልፎታል።

በመጨረሻው ቀን አሥሩም ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ ከቀኑ 12 ሰዓት ይጀምራሉ፤ ዝውውሩ የሚዘጋው 10፡30 ስለሆነ የአንዱንም ቡድን አሰላለፍ አይታችሁ መወሰን አትችሉም። በዚያ ቀን ከተጠባባቂዎቻችሁ መካከል በመጀመሪያ ተራ የምታስቀምጡት ርካሽ በመሆኑ የገዛችሁትን ሳይሆን፣ ቡድኑ ገና ነጥብ የሚፈልግና እሱም በየሳምንቱ 90 ደቂቃ የሚጫወት ተጫዋች መሆን አለበት።