ሸረሪትን ከነድሯ በቅርብ ለማየት
ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ብትኖሩ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ቁጥቋጦ ካለ ይበቃል። ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ውጡ፤ ጤዛው ድሩ ላይ ስለሚንጠለጠል ሌላ ጊዜ የማይታየው ክር ሁሉ ያበራል። ፀሐይዋ ከድሩ ጀርባ እንድትሆን አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ። ክሩን ግን እንዳትነኩ! ሸረሪቷ እይታዋ ደካማ ነው፣ ብዙውን ነገር የምታውቀው በንዝረት ነው።

አሁን ክሮቹን ለዩ። ከመሃል ወደ ዳር የተዘረጉት አያጣብቁም። ዙሪያውን የሚጠመዘዘው ግን ሙጫ አለው፤ በአጉሊ መነጽር ስታዩት እንደ ዶቃ የተደረደሩ ጥቃቅን ጠብታዎች ታገኛላችሁ፣ እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቁርስ ሁሉ ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ከድሩ ኋላ፣ ሳታስጠጉ፣ ጥቁር ጨርቅ ያዙ፤ ክሩ ጎልቶ ይወጣል።

ዝንብ እየወረወራችሁ አትፈትኗት። ራሷ እስክትይዝ ጠብቁ፣ በክር ስትጠቀልል ማየት በጣም ደስ ይላል።

ከቻላችሁ ማታም ተመለሱ። ክብ ድር ከሚሠሩት ብዙዎቹ አሮጌውን በልተው አዲስ ይሠራሉ። የእጅ ባትሪውን ግን ከጎን አብሩ።