በመጋዘን ውስጥ የደንበኛን ትዕዛዝ አፋጥኖ ማውጣት

በመጋዘን ውስጥ ትዕዛዝ ሲዘገይ ብዙ ኃላፊዎች ቶሎ የሚታያቸው መፍትሔ ሠራተኛውን ማጣደፍ ወይም ተጨማሪ ሰው መቅጠር ነው። ይሁን እንጂ ሥራው በእጅ በሚሠራበት መጋዘን የዕቃ ሰብሳቢው ሰዓት በአብዛኛው የሚያልቀው ዕቃውን በማንሳት ሳይሆን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ በመመላለስ ነው። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ምልልሱ ነው።

ሥራው ከመዝገብ ይጀምራል። የቅርብ ወራት የዕቃ ማውጫ ሰነዶችን ይዞ እያንዳንዱ ዕቃ በስንት ትዕዛዝ ላይ እንደተጠየቀ መቁጠር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የወጣውን ብዛት በመቁጠራቸው ነው፤ በአንድ ትዕዛዝ 500 ፍሬ የወጣለት ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያስኬድ፣ በ60 ትዕዛዞች አንድ አንድ ፍሬ የተጠየቀው ግን 60 ጊዜ ያመላልሳል። ዝርዝሩ በዚህ መንገድ ሲደረደር ጥቂት ዕቃዎች አብዛኛውን ምልልስ ይዘው ይገኛሉ። እነዚህን «ሀ»፣ መካከለኞቹን «ለ»፣ አልፎ አልፎ የሚታዘዙትን «ሐ» ብሎ መመደብ ይበቃል።

የ«ሀ» ዕቃዎች ለማሸጊያው ጠረጴዛ ቅርብ በሆኑ መደርደሪያዎች ላይ፣ ሠራተኛው ሳይጎነበስና ሳይንጠራራ በሚደርስበት ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ይቀመጣሉ። ሁሉንም በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ማጨቅ ግን ጋሪዎች እንዲጨናነቁ ስለሚያደርግ ወደ ሁለትና ሦስት መተላለፊያዎች ማከፋፈሉ ይሻላል። አብረው የሚታዘዙ ዕቃዎች ቢጎራበቱ መልካም ሲሆን፣ ካርቶናቸው ተመሳሳይ ሆኖ መጠናቸው ብቻ የሚለያይ ዕቃዎች ግን መራራቅ አለባቸው፤ የተሳሳተ ዕቃ የሚወጣው በአመዛኙ እንዲህ ካለው ጉርብትና ነው። የደንበኞች ፍላጎት ከወቅት ወቅት ስለሚለዋወጥ ምደባው በየጊዜው ይከለሳል።

እያንዳንዱ ቦታ የራሱ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ «03-12-ለ-4» የሚለው መለያ ሦስተኛውን መተላለፊያ፣ 12ኛውን መደርደሪያ፣ «ለ» የተባለውን የመደርደሪያ እርከን (ከ«ለ» ምድብ ጋር አይገናኝም) እና አራተኛውን ሣጥን ያመለክታል። ለሰብሳቢው የሚሰጠው ዝርዝርም ደንበኛው ባዘዘበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በዚህ አድራሻ ተራ መታተም አለበት። ከማሻሻያዎች ሁሉ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ወዲያው የሚታይ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሠራተኛው ያለፈውን መተላለፊያ ዳግመኛ እንዳይረግጥ ያደርገዋል።

ትዕዛዞቹ ትናንሽ ከሆኑ በክፍልፋይ በተሠራ ጋሪ በርከት ያሉትን በአንድ ዙር መሰብሰብ ይቻላል። እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ትዕዛዝ ቁጥር በጉልህ ይጻፍበት፤ ያለዚያ በጉዞ የተቆጠበው ጊዜ ዕቃውን መልሶ በመለየት ይባክናል።

ባዶ ሣጥን ፊት የቆመ ሰብሳቢ ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ሲገኝ ዳግመኛ የሚሄድበትንም ጊዜ ጭምር ይከስራል። በመሆኑም ለእያንዳንዱ የ«ሀ» ዕቃ ዝቅተኛ መጠን ተወስኖ፣ ክምችቱ እዚያ ሲደርስ ከኋላው መጋዘን እንዲሞላ፣ ሙሌቱም ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት እንዲጠናቀቅ ማድረግ ተገቢ ነው። መዝገቡና መደርደሪያው እንዲስማሙ ደግሞ ዓመታዊውን ቆጠራ ከመጠበቅ በየቀኑ ጥቂት ቦታዎችን መቁጠር፣ የ«ሀ» ዕቃዎችንም ከሌሎቹ አዘውትሮ መቁጠር ይበጃል። ባርኮድ ባለበት መጋዘን ሰብሳቢው የዕቃውን ብቻ ሳይሆን የቦታውንም መለያ ቢያነብ ስህተቱ ማሸጊያው ጋ ሳይደርስ እዚያው ይያዛል።

ለውጡን ለመመዘን አንድ ሰው በሰዓት የሚያወጣውን የትዕዛዝ መስመር (በትዕዛዙ ላይ ለአንድ ዓይነት ዕቃ የተጻፈውን ረድፍ) ብዛት፣ ከመቶ ትዕዛዝ የተሳሳተውን እንዲሁም ከትዕዛዙ መቀበል እስከ መላኩ ያለውን ጊዜ ጎን ለጎን መመዝገብ ያስፈልጋል። ፍጥነት ብቻ ከተለካ ስህተት ይበዛል፤ ተመላሽ ዕቃም እንደገና መረከብን፣ መመርመርንና መደርደርን ይጠይቃል። የአንድ ሠራተኛ ቁጥር ሲወርድ ኃላፊው ከመውቀሱ በፊት አንድ ሙሉ ዙር አብሮት ሄዶ የት እንደቆመ፣ የት እንደጎነበሰ፣ ለምን ወደኋላ እንደተመለሰ ይመዝግብ፤ በቀጣዩ ሳምንት ቦታ የሚቀየርላቸው ዕቃዎችም ከዚሁ ማስታወሻ ይመረጣሉ።