ምድቡን እየመራ ለሚንገዳገድ የቤዝቦል ቡድን የውድድር አጋማሽ ልውውጥ እንዴት ይታሰባል?

የደረጃ ሰንጠረዡን አናት ይዞ በየሳምንቱ የሚሸነፍ ቡድን ደጋፊ መሆን ከባድ ነው። ግርጌ ላይ ያለ ቡድን ደጋፊ የሚያጣው ነገር ስለሌለ የሚቀጥለውን ዓመት እያሰበ ይጽናናል፤ የመሪው ቡድን ደጋፊ ግን እጁ የገባው እንዳያመልጠው ይሰጋል፤ ስጋቱም ብዙ ጊዜ የማይረባ የልውውጥ ሐሳብ ያስወልደዋል። ከስጋት ሳይሆን ከምርመራ የሚነሳ ሐሳብ እንዴት እንደሚወጣ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2022 የኒውዮርክ ያንኪስ ያለፈበትን መንገድ እያየን፣ እንመልከት።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በአውሮፓ እግር ኳስ ተጫዋች በገንዘብ ይገዛል፤ በአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ግን ተጫዋች የሚለወጠው በአብዛኛው በተጫዋች ነው። ዛሬ ማሸነፍ የሚፈልገው ክለብ የሚከፍለው በታችኛው ሊግ ሲያሳድጋቸው በቆየ ወጣቶች ነው። የልውውጡ በር የሚዘጋው በጁላይ መጨረሻ ወይም በኦገስት መጀመሪያ ሲሆን፣ በ2022 ቀኑ ኦገስት 2 ነበር። ቀድሞ በኦገስት ወር ይፈቀድ የነበረው ተጨማሪ የልውውጥ መንገድ ከ2019 ጀምሮ ስለቀረ፣ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ቢጎዳ ክፍተቱ የሚሞላው በራስ ልጆች ወይም ሌላ ክለብ ባሰናበተው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ስም መደርደር ሳይሆን ቡድኑ በየት በኩል እንደሚያፈስ ማወቅ ነው። ለዚህ ቢል ጄምስ የተባለው የቤዝቦል ተንታኝ ያስተዋወቀው ቀላል ስሌት ይረዳል። ቡድኑ ያስቆጠረውን ነጥብ በራሱ ያባዙ፤ የተቆጠረበትንም እንዲሁ በራሱ ያባዙ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ውጤት ለሁለቱ ድምር ያካፍሉ፤ የሚገኘው ቁጥር ቡድኑ ከጨዋታዎቹ ሊያሸንፍ የሚገባውን ድርሻ ያሳያል። በ100 ጨዋታ 500 ነጥብ አስቆጥሮ 400 የተቆጠረበት ቡድን በዚህ ስሌት 61 ያህል ጨዋታ ማሸነፍ ነበረበት ማለት ነው። ያሸነፈው 55 ከሆነ ችግሩ በከፊል የዕድል ስለሆነ ለዕድል ተብሎ ምርጥ ወጣት አይሰጥም፤ ያሸነፈው 67 ከሆነ ግን ሰንጠረዡ ከአቅሙ በላይ እያሳየው ነውና የእውነት እርዳታ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የሽንፈቱን ምክንያት በሁለት ይክፈሉት፤ የሚመለስ ጉዳት እና የማይመለስ ጉድለት። ያንኪስ በ2022 ወደ ኦልስታር ዕረፍት (በጁላይ ወደሚደረገው የውድድር አጋማሽ ዕረፍት) የገባው 64 አሸንፎ 28 ተሸንፎ ነበር፤ ከዕረፍቱ በኋላ ግን 35 አሸንፎ 35 ተሸነፈ። ምልክቶቹ በጁላይ ታይተዋል። ፒቸሩ ሉዊስ ሰቨሪኖ በጡንቻ ጉዳት ወጥቷል፤ ከቡልፔኑ (በጨዋታ መካከል ተተክተው ከሚገቡት ፒቸሮች) የሚታመንበት ማይክል ኪንግ ጁላይ 22 ክርኑ ተሰብሯል፤ መቺው ጆይ ጋሎ ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ በሆነ 0.159 የመምታት አማካይ ቆሞ ነበር። ሰቨሪኖ የሚመለስ ሰው ነበር፤ ኪንግ በዚያ ዓመት የማይመለስ፤ የጋሎ ቦታ ደግሞ ሌላ ሰው የግድ የሚጠይቅ። እንዲህ ለይቶ የጻፈ ደጋፊ ከሦስቱ የትኛው ልውውጥ እንደሚያሻው ወዲያው ያያል።

ሦስተኛው ጥያቄ የበጋውና የኦክቶበሩ ፍላጎት ልዩነት ነው። በረጅሙ የ162 ጨዋታ ውድድር ጨዋታ የሚጀምሩ አምስት ፒቸሮች ሲያስፈልጉ፣ በጥሎ ማለፉ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። ስለዚህ ለአምስተኛ ፒቸር ውድ ዋጋ መክፈል ስህተት ነው የሚባለው ትክክል ነው። ነገር ግን ይህን አስተሳሰብ እስከ ጫፍ መግፋት ሌላ ጉዳት አለው፤ በእኔ እምነት ያንኪስ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክለቡ ፒቸሩን ፍራንኪ ሞንታስን ከኦክላንድ ካመጣ በኋላ፣ በየአምስት ቀኑ ያለ ችግር ሲወረውር የነበረውን ጆርደን ሞንጎመሪን ለሴንት ሉዊስ ሰጥቶ የሴንተር ፊልድ (የሩቁን የሜዳ ክፍል መሃል የሚይዝ) ተጫዋቹን ሃሪሰን ቤደርን ወሰደ። ሞንታስ በዚያው በጁላይ ትከሻውን አሞት የነበረ ሰው ነው። ፒቸር በ9 ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) በአማካይ የሚቆጠርበትን ነጥብ የሚያሳየው ኢአርኤ ለሞንታስ በያንኪስ ማልያ 6.35 ሲሆን፣ ለሞንጎመሪ በሴንት ሉዊስ 3.11 ሆነ። ሞንጎመሪ ከተሸኘ ከአራት ቀን በኋላ ኦገስት 6 በቀድሞ ክለቡ ላይ አምስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወርውሮ ሴንት ሉዊስ 1 ለ 0 አሸነፈ። ያንኪስ በኦገስት ወር 10 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 18 ተሸነፈ።

ፍትሐዊ ለመሆን የቤደርም ወገን ይነገር። እግሩን ታሞ መጥቶ ለያንኪስ መጫወት የጀመረው ሴፕቴምበር 20 ቢሆንም፣ በዘጠኝ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አምስት ሆም ረን (ኳሱ ከሜዳው አጥር አልፎ የሚወጣበት ምት) መታ። ስለዚህ ልውውጡ ባዶ አልነበረም። ጥፋቱ አንዱን ቀዳዳ ለመድፈን የሌላውን ግድግዳ ድንጋይ መንቀል ነው። ሐሳብ ሲያወጡ ከዋናው ቡድን የሚሰጡትን ሰው ቦታ ማን እንደሚይዝ፣ ያ ሰው ቢጎዳስ ተከታዩ ማን እንደሆነ በስም ይጻፉ፤ ሁለተኛው ስም ካልመጣልዎ ልውውጡን ይተዉት።

የዋጋው ጉዳይ ከውል ጋር ይያያዛል። አንድ ተጫዋች ነፃ የሚሆነው ስድስት ዓመት በሜጀር ሊግ ሲያገለግል ስለሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻ ውሉ የሚያልቅ ተጫዋች ለጥቂት ወራት የተከራዩት ቤት ያህል ነው። ለኪራይ ብዙ መክፈል ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ቺካጎ ከብስ በ2016 መጀመሪያ 47 አሸንፎ 20 ከተሸነፈ በኋላ፣ እስከ ኦልስታር ዕረፍት 6 ብቻ አሸንፎ 15 ተሸነፈ፤ ጁላይ 25 ግን ወጣቱን ግሌይበር ቶሬስን ጨምሮ አራት ተጫዋቾችን ሰጥቶ በዓመቱ መጨረሻ ውሉ የሚያልቀውን ፒቸር አሮልዲስ ቻፕማንን ወሰደ፤ ከ1908 ወዲህ የመጀመሪያውን የሊጉን ዋንጫ፣ ወርልድ ሲሪስን፣ አነሣ። በአንጻሩ ምድቡን ይመራ የነበረው ቦስተን ሬድ ሶክስ በ1990 ለፒቸሩ ላሪ አንደርሰን 22 ኢኒንግ ሲል ወጣቱን ጄፍ ባግዌልን ለሂውስተን ሰጠ። አንደርሰን መልካም ወረወረ፤ ቦስተንም ምድቡን አሸነፈ፤ ግን በጥሎ ማለፉ በኦክላንድ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 0 ተሸኘ። ባግዌል በሂውስተን 449 ሆም ረን መትቶ በ2017 ወደ ሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል ታላላቆች የክብር መዝገብ) ገባ። ሁለቱን የሚለየው አንዱ ዋንጫ ማግኘቱ ብቻ አይደለም፤ ከብስ ሜዳውን በሚገባ የሞሉ ወጣት ተጫዋቾች ስለነበሩት ቶሬስ ወዲያው የሚቆምበት ቦታ አልነበረውም። ከተትረፈረፈው መስጠት ከጎደለው ከመስጠት ይለያል።

ርካሽ መንገድም አለ። አትላንታ ብሬቭስ በ2021 ኮከቡ ሮናልድ አኩኛ ጉልበቱ ሲጎዳበት አንድ ኮከብ አላሳደደም፤ መጠነኛ ዋጋ ያላቸው አራት የውጭ ሜዳ (በሩቁ የሜዳ ክፍል የሚቆሙ) ተጫዋቾች ሰበሰበ። ኤዲ ሮዛሪዮ የመጣው በፓብሎ ሳንዶቫል ልዋጭ ሲሆን፣ ክሊቭላንድም ሳንዶቫልን ወዲያው አሰናበተው። ሮዛሪዮ የናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ፍጻሜ፣ ሆርሄ ሶለር ደግሞ የወርልድ ሲሪስ ምርጥ ተጫዋች ተባሉ።

በመጨረሻ ሐሳቡን በሻጩ ዓይን ያንብቡት። ደጋፊዎች አዘውትረን የምንሠራው ስህተት እኛ የሰለቹንን ሦስት ሰዎች አቅርበን አንድ ኮከብ መጠየቅ ነው። ሻጩ ክለብ በ40 ሰዎች ዝርዝሩ (ክለቡ ለሜጀር ሊግ በሚያስመዘግባቸው ተጫዋቾች) ላይ ቦታ ከሌለው፣ ለሦስት መካከለኞች ሲል ከራሱ ሁለት ሰዎች ማሰናበት ይኖርበታል። በሊጉ አሥር ዓመት ያገለገለና የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋችም እምቢ የማለት መብት አለው። ይህን ካጣሩ በኋላ ሐሳቡን ለሻጩ ቡድን ደጋፊ ያቅርቡለት፤ በደስታ ዘሎ ከተቀበለ ብዙ ሰጥተዋል፤ ቅር እያለው ሊያስብበት አንድ ቀን ከጠየቀ ዋጋው ተቀራርቧል።