እንጦጦ ላይ ሳይክል ስትነዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ላይ አዲስ ሳይክለኛ ሳይ ደስ ይለኛል። ተራራው ለሁላችንም ይበቃል። ግን አንዳንዱን ስህተት ደጋግሜ ስላየሁት ዝም ማለት አቃተኝ።

ዳገቱን በጉልበት አትጀምሩት። የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች እየበረሩ ያለፉትን ልጆች መሃል መንገድ ላይ ሳይክላቸውን እየገፉ አገኛቸዋለሁ። እንጦጦ ማርያም አካባቢ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ብትሆኑም ሳንባችሁ ይነግራችኋል። ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ መውጣት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ማርሽ ደግሞ ዳገቱ ሳይጀምር ቀንሱ። በሙሉ ኃይል እየረገጣችሁ ከቀየራችሁ ካቴናው ሊበጠስ ይችላል።

ጎሚስታ ጋ ጎማችሁን ድንጋይ እስኪመስል አስነፍታችሁ አትምጡ። ካላማዳሪ ላለው ወፍራም ጎማ 30 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ከላይ እስከ ታች ፍሬን ይዞ መውረድም ስህተት ነው። ፍሬኑ ይግልና ኃይሉን ያጣል። ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቁ። በተለይ የፊቱን። የባሕር ዛፍ ፍሬ አይታችኋል? ጠንካራ ነው፣ የኮት ቁልፍ ያህላል፣ ደረቅ ቅጠል ሥር ተደብቆ ይቀመጣል። ጎማ ሲያርፍበት እንደ ብይ ይንከባለላል። እኔ የግራ ክንዴን የተሰበርኩት እሱ ላይ የፊት ፍሬን ይዤ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በጫካው ውስጥ በቀጭኗ መንገድ ስትወርዱ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ታገኛላችሁ። ሸክሙ ጀርባቸው ላይ ተጋድሞ ከመንገዷ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ወገባቸው ስለጎበጠ የሚያዩት እግራቸው ሥር ያለውን መሬት ብቻ ነው። ዞር ማለት አይችሉም፣ መዝለልም አይችሉም። ታዲያ ከኋላቸው ደወል እየደወሉ በፍጥነት መምጣት ምን የሚሉት ነው? «ዞር ይበሉልኝ» ማለት ነው? ወዴት ዞር ይበሉ?

ይህን የምለው እኔም ስላደረግኩት ነው። ከኪዳነ ምሕረት በላይ አንድ ኩርባ ስዞር ሦስት እናቶች ፊቴ ድቅን አሉ። ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ፣ አልነካኋቸውም። ግን ትልቋ ደንግጠው ከነሸክማቸው ወደኋላ ወደቁ። ገመዱ ደረታቸው ላይ ስለነበር መነሳት አልቻሉም። ስንፈታላቸው ትከሻቸው ላይ የገመዱ ምልክት ቀልቶ ነበር። እንጨቱን መልሰን ለማሸከም ለሁለት ሆነን ተቸገርን። «ቀስ ብትል ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ስለዚህ ኩርባው ወዲያ ካልታያችሁ በእግር ፍጥነት ውረዱ። ሸክም የያዘ ሰው ስታዩ ከሩቅ ቆማችሁ ድምፃችሁን አሰሙ፤ «እማማ፣ እንደምን አደሩ፣ ከኋላዎ ነኝ» በሉ። ከሳይክላችሁ ወርዳችሁ መንገዱን ልቀቁ። አህያ የሚነዱትንም እንደዚሁ። እነሱ ለእንጀራ ነው የሚሄዱት፣ እኛ ለደስታ ነው።

ውሻ ሲያባርራችሁ ውረዱና ሳይክሉን በእናንተና በእሱ መሃል አድርጉት።

በክረምት ደግሞ በጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት ዝናቡ ሳይመጣ ተመለሱ። ወደ ሱሉልታ በኩል ያለውን ዋልካ መሬት ግን ደርቆ እስኪሰነጠቅ ድረስ አትሞክሩት። ጭቃው ጎማ ላይ ተጠቅልሎ መሽከርከር ይከለክለዋል። በጣታችሁ ስትፍቁት ሌላ ይለጠፋል። እኔ እዚያ ከገባሁ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይክሌን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው አስፋልት የወጣሁት።